አባቴ በአገጩ የሰማው ዘፈን

ይኸ የልጅ ልጄ ጆሮዬ ውስጥ የወተፈልኝ መስሚያ መጀመሪያ ያሰማኝ ፉጨት ነው። ቀጥሎ የራሴን ማኘክ አሰማኝ፤ ቆሎው መንጋጋዬ ውስጥ እንደ ወፍጮ ሲንኳኳ ሳቄን ለቀቅሁት። «ምን ያስቅሻል?» ይለኛል። ምን ልበለው? አባቴ ትዝ አለኛ!

አገራችንን እንጅባራን ያኔ በድሮ ስሟ ቆሰበር ነበር የምንላት። የአባቴ ጆሮ በሕመም የተደፈነው እኔ ገና የወተት ጥርሴን ስነቅል ነው። ከዚያ ወዲያ ለእሱ የሚነገር ሁሉ በጩኸት ሆነ። እናቴ «ምሳ ቀርቧል!» ስትለው ምሳችን መቅረቡን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ከፍ ካልኩ በኋላ ለእሱ ብቻ የምነግረው የሆድ ነገር መጣብኝ። ዘመዶቻችን ለጥር ሊድሩኝ ይመካከራሉ፤ እኔ ዳንግላ ሄጄ ትምህርቴን መቀጠል ነው የምፈልገው። ይኸን እንዴት ብዬ ልጩኸው? አባቴ አፉን ሳይከፍት አጎቶቼ ሰምተው ይጨርሱኛል።

በዚያው ሰሞን በአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ አንድ ነጋዴ ከዳንግላ የሸክላ ማጫወቻ ይዞ መጣ። መዘውሩን አዙሮ መርፌውን ሸክላው ላይ ሲያሳርፍ ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። ችግሩ፣ የእኛ ሰው ዘፈን ሰምቶ አይቀመጥም። መሬቱ ሲደለቅ መርፌው እየዘለለ ዘፋኙ አንዲት የአማርኛ ቃል ብቻ ይደጋግም ጀመር። ነጋዴው ላብ በላብ ሆነ።

«ኧረ የማይጨፍር ሰው ይያዝልኝ!» አለ።

የማይጨፍር ሰው ከየት ይምጣ? ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። የማይሰማን ሰው ምን ያስጨፍረዋል! ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። እሱም በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። የሚሽከረከረውን ሸክላ ጠጋ ብሎ ሊያይ ሲያጎነብስ አገጩ ከሳጥኑ ጠርዝ ገጠመ። ዓይኑ ፈጠጠ። ቀና አለና ተመልሶ አገጩን አስደገፈ። ከዚያ ዳሱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦

«ይኸ ዘፋኝ አገውኛ አያውቅም እንዴ?»

እንዴት ያለ ሳቅ! እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። አባቴ ግን ማን ይችለዋል፣ ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ። መርፌው እንደገና ሲዘል ነጋዴው «በሕግ አምላክ! እርስዎም?» እያለ ራሱን ያዘ።

በማግስቱ አባቴ አገጩን ያላስደገፈበት እንጨት አልነበረም። በሩ፣ ምሰሶው፣ ባዶው ቀፎ ሳይቀር ተሞከረ። እናቴ «ሰውየው ለየለት» አለች። እኔ ግን አሰብሁ፤ ያ ዘፋኝ በእንጨት ከተሰማ እኔስ ምን ይጎድለኛል? ሮጥ ብዬ ከጓሯችን አንድ ደረቅ ቀርከሃ ቆረጥሁ። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ አንዱን ጫፍ አባቴን በጥርሱ አስነከስሁት፤ ሌላውን የራሴ ጉሮሮ ላይ ተጫንሁት።

«አባዬ፣ አይዳሩኝ። ዳንግላ ይላኩኝና ልማር» አልኩ ቀስ ብዬ።

ቀርከሃውን ከጥርሱ ሳያላቅቅ በእጁ ድገሚው አለኝ። ደገምሁ። አሁንም ድገሚው። ሦስተኛ ላይ እንቢ ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ቀና ብዬ ሳየው እንባው ጢሙ ላይ ወርዷል። የምጠይቀውን ከፊቴ አነበበና ቀርከሃውን ከአፉ አወጣ።

«ገና በመጀመሪያው ሰምቼሻለሁ» አለ። «ትሄጃለሽ፤ ማንም አይከለክልሽም። እኔ የማውቀው ግን ያን የሕፃንነት ድምፅሽን ነው። እንዲህ ማደጉን ማን ነገረኝ? በይ እስኪ፣ አንዴ ድገሚልኝ።»