የመሐንዲሱ አባት ስም

የቤት አከራዬ የሚጠሩት እኔን ሳይሆን አባቴን ነበር። የኪራይ ውሉ ላይ የአባቴ ስም ከስሜ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ስለተጻፈ፣ ደረጃ ስወርድ ባዩኝ ቁጥር «ሚስተር» ብለው በስሙ እሱን ይጠሩታል። አባቴ ሎስ አንጀለስን ረግጦ አያውቅም። እኔም «አቤት» እላለሁ፤ ስለ አባት አቤት ማለት ነውር የለውም።

ሴትዮዋ ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ሰፈር ብዙም በማይርቅ ሕንፃ፣ ከእኔ በታች የሚኖሩ ሰማንያን ያለፉ ባልቴት ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም በሆዴ አንቱ እላቸው ነበር። ሥራዬ ፓርኪንግ ነው፤ አገር ቤት ግን ንድፍ ስለተማርኩ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን ሲያውቁ የዘር ሐረጋቸውን በትልቅ ወረቀት እንድጽፍላቸው ለመኑኝ።

የሐረጉ ራስ አያታቸው ናቸው፤ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከጀርመን በመርከብ መጥተው የባቡር ድልድይ የሠሩ መሐንዲስ። ከእሳቸው በላይ ባዶ ነው። አፉ የማያርፈው የሴትዮዋ ታናሽ ወንድም «አያታችን ዲቃላ ነው፤ አገሩን የለቀቀው አፍሮ ነው» ይል ነበር። ይኼ ወሬ አባታቸውን ዕድሜ ልክ አንገት ሲያስደፋ ሴትዮዋ አይተዋል። የቤተሰቡን መጠሪያ ስም ጠቅሰው ሁለት ጊዜ አያታቸው ወደተወለዱበት የጀርመን መንደር ቤተ ክርስቲያን ጽፈው ሁለቱንም ጊዜ «አላገኘንም» ተብለዋል። «ሳልሞት የአያቴን አባት ስም ብቻ ባገኝ» ይሉኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መሐንዲሱ የፈረሙበትን የድልድይ ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሥራ ጀመርኩ። ፊርማው ሦስት ስም ነው። የመጀመሪያውን ለመሐንዲሱ፣ ሁለተኛውን ለመሐንዲሱ አባት፣ ሦስተኛውን ለመሐንዲሱ አያት ሰጠሁ፤ ያውም በማይለቅ ቀለም። ይኼ ምን ማሰብ ያስፈልገዋል? ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሦስተኛው የቤተሰቡ ስም ነው፣ መካከለኛውም ለጌጥ ነው አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እፍረቴን ለመሸፈን የእኛን ስም አቆጣጠር ማስረዳት ያዝኩ። አባቴ ገና በልጅነቴ ከራሴ ጀምሮ ሰባት ቤት በጣቴ ያስቆጥረኝ እንደነበር ነገርኳቸው። «ሚስተር» ሲሉኝ ማንን እንደሚጠሩም ያን ዕለት ተናዘዝኩ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ አባትህን ነው የምጠራው?»

«አዎ።»

«እሱ ምን ይላል?»

«አቤት ይላል።»

ቢስቁም ልማድ ሆኖባቸው አልተዉትም።

በማግስቱ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ስንበላ ለባለታክሲው ጓደኛዬ ብነግረው ትን አለው። «ኦኬ፣ ሶ ጀርመኑን ሐበሻ አድርገኸው መጣህ በለኛ» አለኝ። ለብዙ ሳምንት መሳቂያው አደረገኝ።

ሴትዮዋ ግን ያን ወረቀት አልጣሉትም። ለሦስተኛ ጊዜ ጻፉ፤ አሁን የቤተሰቡን ስም ትተው፣ በመካከለኛው ስም የሚጠራ አባት መዝገቡ ላይ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ።

ከወራት በኋላ ደብዳቤ ይዘው ደረጃውን በዝግታ ወጥተው በሬን አንኳኩ። በዚያ በባሕር ጠረፍ ባለው የጀርመን መንደር ድሮ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነበር፤ መዝገቡም የተያዘው በዚያ ነው ይላል። መሐንዲሱ በሕግ ከተጋቡ ባልና ሚስት የተወለዱ ናቸው። አባታቸው ባሕሩ መንደሩን እንዳያጥለቀልቅ የአፈር ግድብ የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ ስማቸውም እኔ በማይለቅ ቀለም የጻፍኩት ነው። በሦስተኛው ስም ተሳስቼ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ልክ ነበርኩ።

ሴትዮዋ ደብዳቤውን ደረታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ራሳቸውን፣ አባታቸውን፣ አያታቸውን። አራተኛው ጣት ላይ የግድብ ሠሪውን ስም ጠሩ። ቀና ብለውም ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ስሜ ጠሩኝ።

«ሦስት ቀረኝ» አሉ።