«አጎቴ» በል

ሶዶ፣ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ወረፋ እየጠበቅሁ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ አባት የተላጠ ሙዝ ልጁ አፍንጫ ስር ይዞ «አባባ በል፤ ካልክ እሰጥሃለሁ» ይላል። የልጁን ፊት ሳይ ወዲያው አወቅሁ፤ እንደ ታናሽ ወንድሜ እንደ ምናሴ ዳውን ሲንድረም አለበት።

በልጅነቴ ለጊፋታ በዓል ከቤሌ የሚመጣው አጎቴም እንዲሁ ነበር። ገና ከመቀመጡ የበዓሉን ስጋ በቆጮ ጠቅልሎ፣ ቅቤው እስከ ክርኑ እየወረደ፣ ከፍ አድርጎ ይይዝና «ምናሴ፣ አጎቴ በል!» ይለዋል። ምናሴ አምስት ዓመት አልፎት ገና አልተናገረም። ሐኪሙ «በራሱ ጊዜ ይናገራል» ብሎናል፤ ማን ሰምቶ! እንግዳው ሁሉ መብላቱን ትቶ የልጁን አፍ ያያል። እናቴ ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ትደፋለች።

አንድ ዓመት አያቴን መረረው።

«አንተ ሰውዬ፣ የመጣኸው ስጋ ልትበላ ነው ወይስ ልጅ ልትፈትን? ርቦታል፤ ስጠው!»

አጎቴ ሳቀ። ጉርሻውን ግን አላወረደም።

ይኸው ዛሬም ሙዙ አልወረደም። «አባባ በል እንጂ!»

ልጁ አፉን ከፈተ። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ልጁ ዞረ። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ነገር ስቃጠል የኖርኩት እኔም ትንፋሼን ይዤ ቃሉን ጠበቅሁ።

ልጁ አፉን የከፈተው ሊበላ ነበር።