«አቤት» ያላልኩበት ዓመት

ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ሳስተምር ጆሮን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ታምቡሩንና ሦስቱን ጥቃቅን አጥንቶች ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ስንቱን ተማሪ አደነቆርኩት። ድምፅ ከዚያ ወደ አንጎል ይሄዳል ብዬ እጨርሳለሁ። አንጎል ሲደርስ ምን እንደሚሆን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም አላውቀውም።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጆሮዬም ከብዷል። አንድ ጠዋት ልብስ ሳጥብ «አንተ ሰውዬ!» አለችኝ። የባለቤቴ የራሷ ድምፅ ነው፤ ያው ቁጣና ፍቅር የተቀላቀለበት። እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። እኛ አገር የማይታይ ሰው ሲጠራ እስከ ሦስተኛው ድረስ «አቤት» አይባልም፤ ሦስቴ የሚጠራው በሕይወት ያለ ብቻ ነው፣ ለሙት የመለሰ ተከትሎት ይሞታል ይባላል። እሷ ደግሞ በሕይወቷም ከሁለቴ በላይ ጠርታኝ አታውቅም። የሳይንስ መምህር ሆኜ ፈራሁ፤ አልመለስኩላትም።

ሐኪሙ አልሳቀብኝም። መሐል አንጎል ውስጥ ታላመስ የሚባል ክፍል አለ፣ ከሽታ በቀር የምንሰማውም የምናየውም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው አለኝ። እንደ ግቢ ዘበኛ አንዱን ያስገባል፣ ሌላውን ያቆያል፤ የቱን ማስገባት እንዳለበትም ከላይኛው አንጎል ትእዛዝ ይወርድለታል። ጆሮ ሲደክምና ከደጅ የሚመጣው ድምፅ ሲያንስ ግን፣ አንጎል የለመደውን ድምፅ ራሱ ይሠራል። እብደት አይደለም፣ የመስሚያ መሣሪያ ብታደርግ ሊጠፋልህ ይችላል አለኝ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። አላሰብኩበትም። እንድትጠፋብኝ አልፈለግሁም።

ከዚያ ወዲያ እየተጠራሁ ዝም ማለት ለመድኩ። ባልመልስላትም ስጠብቃት እውላለሁ።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስሞቅ «አንተ ሰውዬ!» የሚል ሰማሁ። ሁለቴ። ዛሬስ ድምፅሽ ደከመ ብዬ በሆዴ ተሟገትኳትና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሰዓት በኋላ ስወጣ የግቢው በር ላይ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ታላቅ እህቴ ከአንኮበር መጥታ እንደነበር ጎረቤቴ ነገረችኝ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ» የሚለውን አጠራር የወሰደችው ከእህቴ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጬ በበሩ ስንጥቅ አይታኝ፣ የዘጋሁባት መስሏት ተመልሳለች።

በማግስቱ አንኮበር ሄድኩ። ዘበኛውንም፣ አንጎሉንም፣ የባለቤቴንም ድምፅ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እጄን ይዛ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ሁለቴ ጠራሁህ» አለች። «ሦስተኛውን አፈርኩ። እሷን ነፍሷን ይማር። እኔን ግን በቁሜ ከሙታን አትደምረኝ።»

መሣሪያውን አደረግሁ። አሁን የባጃጁን ጥሩንባም፣ የጎረቤቴን ሬዲዮም እሰማለሁ። እህቴ ስትመጣ ጠርታኝ ሳትጨርስ እከፍትላታለሁ፤ ደስ ይላታል። ሐኪሙ እንዳለውም ሆነ፤ የባለቤቴ ድምፅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠፋ። አንድም ቀን ሳልመልስላት ሄደች።

ትናንት ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ጮክ ብዬ «አቤት» አልኩ። የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው።