የጥምቀት ዕለት የለቀቀው ጥለት

የልጅ ልጄ ሕግ ነው የምታጠናው። ለእረፍት ፍኖተ ሰላም ስትመጣ መጽሐፏን ይዛ በረንዳ ላይ ከእኔ አጠገብ ትቀመጣለች። ድምፅ አውጥታ ካላነበበች አይገባትም። እኔም ዓይኔ ስለደከመ የሰው ንባብ እወዳለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንድ ቦታ ላይ ደርሳ ቆም አለች። አንድ ሰው ለገበያ ያወጣው ዕቃ ጉዳት ቢያደርስ፣ የተጎዳው ሰው ዕቃውን ከእሱ እጅ ባይገዛውም እንኳ ሊጠይቀው ይችላል ይላል መጽሐፉ።

«ይኼ እንግዲህ አዲስ ሐሳብ ነው፣ አባባ» አለችኝ። «ድሮ የሚጠየቀው በእጁ የሸጠልህ ሰው ብቻ ነበር።»

«የት አገር?» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። በዓይኔ ላይ የመጣብኝ ይሁኔ ነበር፤ ከነነጭ ጥርሱ፣ ከነረጃጅም ጣቶቹ። ይሁኔን ሳስታውስ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የሚሰማኝ ቅናት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ዘመን ነው። ፍኖተ ሰላም ይህን ስሟን ገና አላገኘችም ነበር። እኛ የምንኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ፈጠም ወንዝን ተሻግሮ ባለ የገብርኤል ደብር ነው። መንገዱ የጣልያን ካሚዮን፣ ዳገቱ የአርበኛ ነበር። በመሃል ያለነው ሰዎች ግን ሁለቱንም እየፈራን፣ እያረስንና እየሸመንን፣ ልጅ እየዳርን እንኖር ነበር። ሰው እንዲያ ባለ ዘመን የሚያስበው ስለ ጦርነት ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ የማስበው ስለ የውብዳር ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነው። በጀርባችን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የሚሰድበን ሰው ሁሉ፣ በዓል ሲቃረብ ደጃችን ላይ ቆሞ ይለማመጥ ነበር። ይሁኔ ከጅጋ በኩል የመጣ ወላጅ የሌለው ልጅ ነው፤ አባቴ አስጠግቶት ከእኔ ጋር አንድ ላይ ሙያውን አስተማረን። አንድ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግራችንን ሰድደን፣ በአንድ መወርወሪያ ተፈራርቀን አደግን። በኋላ አባቴ ዓይኑ ጠፋ፤ ሸማን በጣቱ ዳስሶ ማወቅን ግን አልተወም። የይሁኔን ሥራ ሲዳስስ ፊቱ ይበራል፤ «ይኼ የይሁኔ ነው!» ይላል። የእኔን ሲዳስስ «ጥሩ ነው» ይላል። ከዚያች «ጥሩ ነው» የበለጠ የቆረጠኝ ቃል አላውቅም። ይሁኔ ኋላ የራሱን ጎጆ ቀልሶ፣ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ከቤታችን ወጣ። እኔ ግን በየቀኑ አብሮኝ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

የውብዳር የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘነቡ ልጅ ናት። በዚያ ክረምት እናትና ልጅ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ፣ እኔ ሰበብ እየፈለግሁ እገባ ነበር። የተጠበሰ እሸት በቆሎ ይሰጡኛል፤ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው የየውብዳርን ጣቶች አያለሁ። ወይዘሮ ዘነቡ የልቃቂቱን ቅርጫት በዓይኗ እያሳየችኝ «ይኼ የልጄ የጥምቀት ቀሚስ ነው፤ ያንተን እጅ ነው የሚጠብቀው» ትለኝ ነበር። ቀሚሱን ሠርቼ ሳስረክብ ሽማግሌ ልልክ ለራሴ ቆርጫለሁ።

በጥቅምት ቡሬ ላይ ቀይ ክር መጣ። ያመጣው አቶ ብዙአየሁ የሚባል ነጋዴ ነው፤ ዕቃው ከባሕር ማዶ በካሚዮን ይመጣለታል። እስከዚያ ድረስ የእኛ አገር ጥለት ደብዘዝ ያለ ነበር። ይህኛው እንደ በርበሬ ዛላ ያበራል። እኔም ልገዛ ሄጄ ነበር። አቶ ብዙአየሁ ግን «ወይ ደሴ፣ ትናንት ይሁኔ ጠቅልሎ ወሰደው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅርጫት የያዘች ሴት ሁሉ የእኔን ደጅ አልፋ ወደ ይሁኔ ደጅ ሄደች። ወይዘሮ ዘነቡ ስታልፍ ግን ቆመች። «የኔ ልጅ፣ እንዳትቀየመኝ። ልጂቱ ቀዩን ወደደችው» አለችኝ። «ምን ቸገረኝ፣ እሜቴ» አልኩ። የዚያን ዕለት ማግ በእጄ ላይ ሲበጠስ ዋለ።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ፈጠም ዳር አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ሕዝቡ ባሕረ ጥምቀቱን ከበበ። የይሁኔ ሥራ ከሩቅ ይታይ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ነጭ መካከል ቀዩ ጥለት እንደ ፍም ይበራል። የውብዳር ከሴቶቹ ፊት ቆማለች። ውበቷን አይቼ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያየሁት የይሁኔን እጅ ከአንገቷ እስከ እግሯ ወርዶ ነው።

ካህኑ ጠበሉን ሲረጩ ሕዝቡ እልል ብሎ ተጋፋ፤ ሴቶቹ እስኪርሱ ድረስ ተረጩ። መጀመሪያ የጮኸችው አንዲት ባልቴት ናት። «ደም! ልጂቱ ደማች!» አለች። የጦርነት ዘመን ነውና ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ ተኩስ የሰማ የመሰለውም ነበር። ደም አልነበረም። ቀዩ ጥለት ለቅቆ በነጩ ላይ እየወረደ ነው። በየሴቱ ደረት፣ በየእጀታው፣ በየቀሚሱ ጫፍ ይወርዳል። የውብዳር በሁለት እጇ ቀሚሷን ሰብስባ ቆመች፤ መዳፏም ቀላ።

ይሁኔን ፈለግሁት። ከዋርካው ሥር እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆሟል። ውድቀቱን ሳይ ደስ አለኝ ማለት ነበር የምፈልገው፤ ግን የውብዳር ስታለቅስ የምታየው እሱን ነበር፣ እኔንማ አላየችኝም።

ቀለሙ በእንዶድም በአመድም አልወጣ አለ። ሴቶቹ ይሁኔን ለሽማግሌ ከሰሱት። ይሁኔም «ሸማው የእኔ ነው፤ ክሩ ግን ከአቶ ብዙአየሁ ነው» ብሎ ነጋዴውን አስጠራ። ነጋዴው ይሁኔ ራሱ ነው ያበላሸው ሊል እንደተዘጋጀ ተሰማ። ነገሩን የሚለይ ሸማኔ አስፈለገ። አባቴ ቀለም አያይም። በደብሩ ከይሁኔ ሌላ የቀረው ሸማኔ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በገበያ ቀን ቡሬ ስወርድ አቶ ብዙአየሁ ሱቁ ውስጥ አስገብቶ ጠጅ አስቀዳልኝ። በለሰለሰ ድምፅ «ደሴ» አለኝ፣ «ይሁኔ ድሩ እንዲጠነክር ሙቅ ሲያጠጣው ክሩን አብሮ ቀቅሎታል በል። ሌላ አልጠይቅህም። ለፋሲካ ሌላ ቀለም ይመጣል፤ ላንተ ብቻ ነው የምሰጠው።»

«አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይወቃል፤ አውድማው ላይ ያሉት ሰዎች ጠላ ጠጣልን እያሉ ይጠሩኛል። እኔ ግን አልሰማቸውም። ከጥምቀት ወዲህ ለይሁኔ ይሄድ የነበረው ቅርጫት ሁሉ ወደ እኔ ተመልሷል። አንድ ቃል ብናገር እንደዚያው ይቀራል። ይሁኔም አገር ጥሎ ይሄዳል። እሱ የሌለበትን ደብር በሐሳቤ እያየሁ፣ በዚያ ደብር ውስጥ የውብዳርን እያስቀመጥኩ ቤቴ ደረስኩ። አባቴ ኮቴዬን ሰምቶ «ነገ ስለ ክሩ ብቻ ተናገር፤ ስለ ሰው አትናገር» አለኝ። ነጋዴው ያለኝን አልነገርኩትም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። ዳኛው መሪጌታ ያለው ናቸው፤ የቅኔ መምህር፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ።

መጀመሪያ የተናገረው አቶ ብዙአየሁ ነው። «እኔ ለእነዚህ ሴቶች የሸጥኩላቸው ነገር የለም። አላውቃቸውም። ቀለሙንም የነከረው ሰው ባሕር ማዶ ነው፤ ሂዱና እሱን ጥሩት። ክሩም ደኅና ነበር፤ ይህ ልጅ ቀቅሎ አበላሸው።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ደሴ፣ በገብርኤል ገዝቼሃለሁ። የምታውቀውን ተናገር።»

ይሁኔ ተመለከተኝ። አልለመነኝም። ትንሽ እንኳ አንገቱን ቢሰብር ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ቆሟል፤ በዚያ በተዋረደበት ቀን እንኳ አቋቋሙ አስቀናኝ።

«ያልተነካ ክር ከሱቁ ይምጣ» አልኩ።

ሰው ተልኮ፣ እስሩ ያልተፈታ የክር ጥቅል መጣ። በሁሉም ፊት ፈትቼ የምንጭ ውሃ ባለበት ቅል ውስጥ ነከርኩት። ውሃው ወዲያው ቀላ። ቅሉን ሽማግሌዎቹ ተቀባበሉት።

«ይኼን ማንም አልቀቀለውም» አልኩ። «ሲመጣም እንዲህ ነው።» ያንን የተናገርኩት ይሁኔን ወድጄ እንዳልሆነ ይሁኔም የሚያውቅ ይመስለኛል።

አቶ ብዙአየሁ ላብ አላበው። «እንግዲያስ የክሩን ዋጋ ልመልስለት» አለ።

ወይዘሮ ዘነቡ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «የክሩን ዋጋ ምን ልናደርገው ነው? ክሩ አንድ ልቃቂት ቢሆን ነው። ያጠፋብን ክረምቱን ሙሉ የፈተልነውን ጥጥ ነው!»

«ካልተስማማችሁ ጣልያኖቹ ዘንድ እሄዳለሁ» አለ ነጋዴው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሂዱ፣ አቶ ብዙአየሁ። እኛ ግን ዘንድሮ አንድ ነገር አይተናል። ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ የዚህን አገር ውሃ አይችልም፤ ይለቃል።»

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ፊት ደረሰ። ስለ ክሩ ነው ብሎ መማል ይቻላል። የሚለቀው ቀይ ማን እንደሆነ ግን ልጅ አዋቂው ገብቶታል። አቶ ብዙአየሁ አርበኞቹ ያሉበትን ዳገት አየት አደረገና ተቀመጠ።

«ሴቶቹን አላውቃቸውም ብለዋል» አሉ መሪጌታ። «ክርዎ ግን ቤታቸው ገብቷል። ይሁኔ ክሩን የገዛው ሣጥን ውስጥ ሊያስቀምጠው እንዳልሆነ፣ ሰው ገላ ላይ እንደሚውል ሲሸጡት ያውቁ ነበር። የነከረውን ሰው እርስዎ ይጥሩት፤ በሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኛ የምናውቀው የእርስዎን በር ነው። የጠፋውን ጥጥ በጥጥ፣ የፈታዮቹንም ድካም በእህል ይክፈሉ።»

ያኔ ይሁኔ እጁን አነሣ። «የእኔስ፣ አባቴ? ከጥምቀት ወዲህ ደጄን የረገጠ የለም። ቅርጫት የያዘች ሴት መንገድ ቀይራ ታልፈኛለች። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

ሽማግሌዎቹ ረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ መሪጌታ በዝግታ ተናገሩ። «ልጄ፣ የተበላሸ ሸማ በዓይናችን አይተን እንገምታለን። ያልመጣ ሰው ግን በምን ይገመታል? ነገ ማን ይመጣልህ እንደነበር የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ይህን አንፈርድልህም። ጥፋት እንደሌለብህ ግን በአደባባይ እንመሰክርልሃለን።»

ይሁኔ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ አሸናፊ እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር።

ይሁኔ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው የጨረሰኝ። በየሴቱ ቤት እየዞረ የተበላሸውን ሸማ ሰበሰበ፤ ቀዩን ጥለት አንድ በአንድ እየተረተረ፣ ቀለም ያልነካውን እያዳነ፣ ያለ ዋጋ መልሶ ሠራላቸው። አገሩ ሁሉ «ሰው ማለት እሱ!» አለ። ክሩን መርምሬ ያዳንኩት እኔ መሆኔን የሚያስታውስ ጠፋ። ቅርጫቶቹም አንድ አንድ እያሉ ወደሱ ተመለሱ። ሲበልጠኝ ቀናሁበት፤ ወድቆ ሲነሣ ደግሞ ይበልጥ ቀናሁበት።

ዓቢይ ጾም ሲጋመስ ወይዘሮ ዘነቡ አዲስ ፈትል ይዛ ደጄ መጣች። ልቤ ዘለለ። «የየውብዳርን ቀሚስ እንድትሠራልኝ ነው» አለች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች «የሠርጓ ነው። ወደ አንተ የላከኝ ይሁኔ ነው፤ ለሙሽራዬ ስሠራ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ደሴ ይሥራው ብሎ» አለችኝ።

እንቢ ማለት እችል ነበር። ሠራሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሸማ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ በንዴት ይሁን በፍቅር ዛሬም አላውቅም። ሳበቃ ለአባቴ ሰጠሁት። በጣቶቹ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፣ ፊቱም በራ።

«ይኼ የይሁኔ ነው!» አለ።

«የእኔ ነው፣ አባቴ።»

ጣቱን መልሶ በጥለቱ ላይ ሰደደ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ እጄን ፈልጎ ያዘ። ይሁኔና የውብዳር ከትንሣኤ በኋላ ተጋቡ። ጣልያንም ብዙ ሳይቆይ ለቀቀ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። እሷ የያዛት ሽማግሌዎቹ ያልፈረዱት ነገር ነው፤ ያልመጣ ገበያ ይካሳል አይካስም የሚለው ዛሬም እንደሚያከራክር አስረዳችኝ። ከዚያ መጽሐፏን ከድና «ታዲያ ያን ያህል ከቀናህበት ለምን እውነቱን ተናገርክለት?» አለችኝ። ግዝቱን ፈርቼ ነው ልላት አሰብኩ፤ አባቴን አፍሬ ነው ልላትም አሰብኩ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ነገር ግን ይሁኔን በሐሰት ብጥለው ኖሮ፣ እሱን ለመብለጥ ብዬ የሠራሁትን ሁሉ አልሠራውም ነበር። ጥሩ ሚስት አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ስሜ በሸማ ተጠራ። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ጥለት ስጨርስ በሐሳቤ የማሳየው ለእሱ ነበር።

ይሁኔ የሞተው ካቻምና ነው። ቡሬ ድረስ ሄጄ ቀበርኩት። አልቃሿ ከሬሳው ራስጌ ቆማ፣ እንደሱ ያለ እጅ በጎጃም አልታየም እያለች ሙሾ ስታወርድ፣ ሰው ሁሉ ደረቱን ይመታ ነበር። እኔም እንባዬ ይወርዳል። በዚያው መካከል አልቃሿን አቋርጬ «ኧረ እኔም አለሁ!» ልል ምንም አልቀረኝም።