ወይዘሮ ነገ ነይ አልቀመጥም ያሉ ዕለት

የምክር ቤት አባል ከመሆናቸው በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ። እጃቸው ወርቅ፣ ቀጠሯቸው ግን ነፋስ። ሠርጓ የደረሰ ሙሽራ እያለቀሰች ብትመጣ፣ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ፣ ዓይናቸውንም ከመርፌው ሳይነቅሉ፣ «ነገ ነይ፣ የኔ ዓለም» ይሏታል። ክር አልቆ ነው። መብራት ጠፍቶ ነው። ዚፑ ከቀለሙ ጋር አልሄድ ብሎ ነው። ደንበኞቻቸው ቢቸግራቸው «ወይዘሮ ነገ ነይ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስም ብቻም አልበቃ፣ በሱቃቸው ደጃፍ ሲያልፉ የሚያዜሙት ግጥምም ነበር፦

ነገ ነይ አለችኝ፣ ነገም ነገ ወልዶ፣
ቀሚሴ ቀረብኝ ሠርጉ ሁሉ ሄዶ።

እሳቸው ደግሞ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው አብረው ያዜማሉ! እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይወደድ? የምርጫው ቀን ቀሚሷ የዘገየባት ሴት ሁሉ ተሰልፋ መረጠቻቸው። «ይዘገያሉ እንጂ ሲጨርሱ ያሳምራሉ» ነበር የሚባለው።

ታናሽ እህታቸው በሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች። ከወለደች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። በፋብሪካው ግቢ የሕፃናት ማቆያ ክፍል አለ፤ ሕግ አዝዞ የተሠራ፣ መስኮቱ ሰፊ። የጎደለው ሞግዚቶቹን የሚያስቀጥረው የሚኒስትሩ ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱን ሲጠብቅ በሩ ሁለት ዓመት እንደተቆለፈ አለ።

«እታለም፣ የወሊድ ፈቃዴ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ያልቃል» አለቻቸው እህት፣ ልጇን በትከሻዋ ላይ አድርጋ እያስገሳች። «ክፍሉ ካልተከፈተ ሥራዬን ለቅቄ ቤት መዋሌ ነው። የመረጥንሽ እዚያ ገብተሽ እንድታጨበጭቢ ነው እንዴ?»

«እጠይቃቸዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«መቼ?»

«ነገ…» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እህት በሳቅ ፍርስ አለች። እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው፣ «እናቴን፣ የዛሬው የእውነት ነገ ነው! ሚኒስትሩ ምክር ቤት የሚጠየቁበት ቀን ነገ ነው!» ቢሉ ማን ይመናቸው።

«ተስፋ እንዳታመጪልኝ» አለች እህት እንባዋን እየጠረገች። «ቀን አምጪልኝ። ቀን!»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ለአንድ ጠያቂ የተሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሌላው አባል ሁለት ተኩሉን በምስጋና ጨርሶ ጥያቄው ላይ ሲደርስ ድምፅ ማጉያው ይዘጋበታል። የወይዘሮዋ ተራ ሲደርስ ብድግ አሉ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ የሸሚዝ ፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ ክፍል የሚከፈተው በምን ቀን ነው?»

አፈ ጉባኤው ከመነጽራቸው በላይ አዩአቸው። «ጨረሱ?»

«ጨረስኩ።»

ሚኒስትሩ ረጅም፣ ትሁት፣ ፋይል የታቀፉ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አሉ።

ወይዘሮዋ ጆሯቸውን አላመኑም። ይቺ እኮ የራሳቸው «ክር አልቆ ነው» ናት!

«ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በቅንጅት እየተሠራ ይገኛል።»

መብራት ጠፍቶ ነው!

«በቅርቡም ተግባራዊ ይሆናል።»

ነገ ነይ! ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሥቶ ደረታቸው ላይ ደረሰ። የገዛ ዜማቸውን በሰው አፍ እንደ መስማት ያለ ምን ደስታ አለ? ደግሞም በዚያ ሁሉ ዘመን እሳቸውን ያሸነፈች ደንበኛ አንዲት ብቻ መሆኗ ትዝ አላቸው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «እኔ አልቸኩልም» አለች። ቀሚሷ ለምሳ ሰዓት ደረሰ።

በምክር ቤቱ ወግ ጠያቂ መልሱን ሰምቶ፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ጠያቂው ሳይቀመጥ ደግሞ መላሹ ከመድረክ አይወርድም። ደንቡ ውስጥ ተጽፏል። ወይዘሮዋ ደንቡን አውቶቡስ ላይ ሲያነቡ እዚያ ገጽ ላይ መርፌ ሰክተው ነበር።

አልተቀመጡም።

«የተከበሩ አባል፣ ምላሽ ተሰጥቷል፤ ይቀመጡ እንጂ» አሉ አፈ ጉባኤው።

«እግዜር ይመስገን፣ ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እግሬ ደህና ነው። እኔ አልቸኩልም።»

ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። እሳቸው ቆመዋል። ሚኒስትሩ ውሃ ጠጡ። ፋይሉን ገለጡ፣ መልሰው ከደኑ። ከኋላ ወንበር አንድ ጡረተኛ አስተማሪ፣ «ወይዘሮ፣ ወንበርዎ ላይ መርፌ ረሱ እንዴ?» ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጠ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ እንኳ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች።

«ክብርት አባል» አሉ ሚኒስትሩ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ይህን የመሰለ ሥራ ቀን ቆርጦ ለመናገር ይከብዳል።»

«አይ ክቡር ሚኒስትር!» ድምፃቸው ያለ ማጉያ አዳራሹን ሞላው። «እኔም ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ቀን የማይቆርጠው ሥራው ከብዶት አይደለም። ገና ስላልጀመረው ነው!»

ሚኒስትሩ የታቀፉትን ፋይል አዩት፣ ወይዘሮዋን አዩአቸው፣ ከዚያ እንደ ተያዘ ተማሪ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቁ ጀመር።

«አልጀመርኩትም» አሉ። «ፊርማው የእኔ ነው፤ ዛሬ እፈርማለሁ። የሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ሰኞ፣ ጠዋት፣ ክፍሉ ይከፈታል።»

«ሁለተኛ ሰኞ! በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!» አሉ ወይዘሮዋ። «አመሰግናለሁ።» ተቀመጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር ስልካቸውን አውጥተው ለእህታቸው አንዲት ቃል ጻፉ፦ ሰኞ።

ሁለተኛው ሰኞ ደረሰ። የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቀለሙ ግን ገና አልደረቀም። እህት ልጇን ታቅፋ ከወይዘሮዋ ጋር ስትገባ የእጅጌዋ ጫፍ አረንጓዴ ሆነ። «ምን አለበት፣ ይሁን!» አለች።

«ጫማ ይወልቃል» አለች ሞግዚቷ፣ ወይዘሮዋን ከእግር እስከ ራስ እያየች። «የምክር ቤት አባልም ቢሆን።»

ወለቀ። የቀኝ ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቶ ቆሟል። የእናቶቹ ሁሉ ዓይን እዚያ ላይ አረፈ።

«እታለም! አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ እንዴ?»

«ዝም በይ፣ እየሳቁብኝ ነው!» አሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚስቁት ግን እሳቸው ነበሩ። ምንጣፉ ላይ ዘርፈጥ ቢሉ፣ ሕፃኗ በትንሿ እጇ ያቺን አውራ ጣት ጨብጣ አልለቅም አለች። የሥራ መግቢያው ደወል ተደወለ። እህት በሩ ላይ ቆማ ለቅሶ ጠበቀች። ለቅሶ የለም። አረንጓዴ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ስፌት መኪናዋ ሮጠች።