የአባቴ ዋስ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ አንድ ከብት አድላቢ ቢጫ ጀሪካን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከጀሪካኑ ክዳን ሥር ጥቁር፣ ወፍራም ነገር ይንጠባጠባል፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ከባድ ሽታ እስከ ሾፌሩ ድረስ አፈነን። ከወዲያ ጥግ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ገላመጡትና «በዚህ ጠዋት?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው። ሰውየው አልገባውም። እኔ ግን ሳላስበው፣ ከሚገባውም በላይ ጮክ ብዬ፣ «እሱ አልጠጣም እናቴ፣ ሞላሰስ ነው፤ የከብት መኖ ውስጥ የሚገባው» አልኩ። ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ለማላውቀው ሰው ጠበቃ መቆሜ ነበር፤ ጥብቅናው ግን የዘገየው በሠላሳ ዓመት ነው፣ የሚገባው ሰውም እሱ አልነበረም።

አባቴ እዚሁ አዳማ፣ ከከተማው ዳር በሚገኝ የከብት ማድለቢያ ውስጥ ፉሩሽካና ሞላሰስ እያደባለቀ በሬ የሚቀልብ ሰው ነበር። ሲጠጣ አይሳደብም፣ አይማታም፣ ዕቃ አይሰብርም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል እንጂ። አረቄ ቤት ይገባና ከዚያ በኋላ የሚያመጣው ጋሪ ነው፤ ከመደጋገሙ የተነሳ የጋሪው ፈረስ የእኛ በር ላይ ሲደርስ ሳይነገረው ይቆም ነበር። በማግስቱ ደግሞ ምክንያት አያጣም። ጥርሱን አሞት ተጉመጥምጦበት ነው፣ ሰው ልብሱ ላይ ደፍቶበት ነው፣ ሆዱን ቆርጦት ለመድኃኒት ያህል አንዲት መለኪያ ብቻ ነው። እናቴ እጆቿን አጣምራ እስከ መጨረሻው ታዳምጠውና ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔ በልጅነቴ ምክንያቶቹን እወዳቸው ነበር፤ ከእኛ ጋር ብዙ የሚያወራው ያን ጊዜ ብቻ ነበርና።

አሥራ አንድ ዓመቴ ሆኖ፣ ወንድሜ ዳዊት ገና አምስት ሳይሞላው፣ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘውዴ ሁለታችንንም ልትወስደን ከአቦምሳ መጣች። ልጅ አልነበራትም፤ ባሏ ባለሱቅ ነው፣ ቤታቸው ሰፊ ነው፣ የምትለውም ሁሉ ልክ ስለነበር የሚከራከራት ጠፋ። እናቴም አልተቃወመችም፤ ልጆቿን ጠልታ ሳይሆን ደክሟት ነበር፣ አሁን እኔም በዚያ ዕድሜ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ድካም ይገባኛል። አባቴ ግን መጠጥ መተዉን ምሎ ስለተናገረ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ በግቢያችን የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተደረደሩ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ቶሎሳ መሐላውን ከሰሙ በኋላ «እሺ፣ ተውኩ ብለሃል። ዋስህ ማነው?» አሉት። አባቴ የአንዱን ስም ጠራ፤ ሰውዬው አሳለና ሰዓቱን አየ። የሌላውን ጠራ፤ እሱም አንድ ጊዜ ዋስ ሆኖለት የተዋረደውን ውርደት ሳይረሳ አወሳው። ሦስተኛ ስም አልነበረውም። አባቴ አንገቱን ሲደፋ፣ ለእንግዶቹ ውሃ ላድል ጣሳ ይዤ የቆምኩት እኔ «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አልኩ። ሳቁ። ኦቦ ቶሎሳ ብቻ አልሳቁም። «ምን ያስቃል? ዋስ ማለት ቀርቦ የሚያየው ሰው ነው። ከዚች ልጅ በላይ ማን ይቀርበዋል?» አሉ፣ ነገሩም በዚያው ጸደቀ።

ውሉ ቀላል ነበር። አባቴ ማታ ከሥራ ሲገባ ጉንጬን ይስመኛል፣ እኔ ትንፋሹን አሸታለሁ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ ለእናቴ «ደህና ነው» ወይም «ጠጥቷል» እላታለሁ። ጠጥቷል ካልኩ እትዬ ዘውዴ ዳግም ተጠርታ ትወስደናለች። በየእሑዱ ደግሞ ኦቦ ቶሎሳ ቤት ብቅ እላለሁ፤ «አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ የኔ ዋስ?» ብለው ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ወንበር ይስቡልኛል፣ እኔም እግሬ መሬት ሳይነካ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ሪፖርት አቀርባለሁ። እንደዚያ ያለ ክብር በሕይወቴ ደግሜ አላገኘሁም፣ ደግሞም አልመኘውም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። የአባቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ እናቴ ሻዩን የምትሞላለት እስከ ብርጭቆው ወገብ ነበር፤ ላቡ አንሶላውን ሲያርሰው ትለውጥለታለች፣ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች፣ አጥሚት ታጠጣዋለች፣ ይህን ሁሉ ስታደርግ ግን ፊቱን አታየውም ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ዳዊትን እየጎተትኩ የማድለቢያው በር ላይ እጠብቀዋለሁ። ዘበኛው በሬ እንዳይወጋን ብሎ ወደ ውስጥ አያስገባንም። አባቴ ታጥቦ፣ ፊቱ ላይ የሳሙና አረፋ ሳይደርቅ ይወጣና ሦስታችን በዙሪያ መንገድ፣ አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ይዘን እንሄዳለን፤ በአቋራጩ ግን አረቄ ቤቶቹ ተደርድረው፣ «ምነው ጠፋህ?» የሚሉ ደጋግ ሴቶች በር በሩ ላይ ነበሩ። ዳዊት አባቴ ትከሻ ላይ ወጥቶ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ይይዝና «አንተ አባዬ፣ ወደዚህ! አንተ አባዬ፣ ወደዚያ!» እያለ ይነዳዋል። አባቴም የተነዳበት ይሄዳል፣ ጆሮው ሲሳብ እንደ በሬ ያጓራል። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። እኔ ግን ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ፣ ቤት ስንደርስ ስለሚጠብቀኝ ሥራ አስብ ነበር።

ሲስመኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ላብ አለ፣ ገለባ አለ፣ የልብስ ሳሙና አለ፤ እኔ የምፈልገው ከእነዚህ ሁሉ ሥር ያለውን ነው። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ከሚገባው በላይ ትንሽ ቆየት ይላል፣ በደንብ እንዳሸት። አምስት ወር ሙሉ «ደህና ነው» አልኩ። እናቴ በአምስተኛው ወር ላይ ፊቱን እያየች ሻይ ስታቀርብለት አይቻለሁ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ሐሙስ ትምህርት ቤት ፈተና ስለነበረን ልቀበለው አልሄድኩም፣ ብቻውን መጣ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲስመኝ አንድ ከባድ፣ ጣፋጭ፣ የኮመጠጠ ሽታ ፊቴን መታኝ። ከጺሙ እስከ ደረቱ ድረስ ነበር። ትንፋሹ ይሁን ልብሱ ለይቼ አላየሁም፤ ልለይ የምችልበት ልብም አልነበረኝም። ጓዳ ገብቼ «ጠጥቷል» አልኩ። እናቴ የያዘችውን ሰሃን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። አባቴ ተከትሎኝ ገብቶ «አልጠጣሁም። የሞላሰስ በርሜል ፈንድቶብኝ ነው፣ ውሃ ጠፍቶ ሳልታጠብ መጣሁ» አለ። ከስንት ዓመት ምክንያት በኋላ እውነተኛው ምክንያት ሲመጣ ከሁሉም የማያሳምነው እሱ ሆነ። እናቴ እንኳን ለአንድ አፍታ ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ በበሬ መኖም ሊያመካኝ ነው ብላ።

እትዬ ዘውዴ ቅዳሜ ደረሰች። እኔ ትምህርቴ እንዳይቋረጥ እንድቆይ፣ ዳዊት ግን እንዲሄድ ተወሰነ። በመናኸሪያው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጋ ስላስቀመጡት ደስ ብሎት እጁን እያወዛወዘ ሄደ። አባቴ አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ አየና፣ ዞሮ ወደ ሥራው በእግሩ ሄደ። ያን ቀን እንደሚጠጣ ያልገመተ ሰው አልነበረም። ማታ ሲገባ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ፣ ቆየት አለ፣ ምንም አይሸትም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በረዶ ሲጥል ዘበኛው አዝኖልኝ ወደ ማድለቢያው አስገባኝ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር የተደረደሩት በርሜሎች የዝናብ ውሃ ገብቶባቸው አረፋ ደፍቀዋል፤ አጠገባቸው ስደርስ የዚያ ሐሙስ ማታ የአባቴ ጉንጭ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እዚያው አለቀስኩ። አባቴ ከበረቱ ወጥቶ ሲያየኝ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም፤ በርሜሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ካፖርቱን አለበሰኝ።

ለእናቴ የዚያኑ ዕለት ነገርኳት፣ እሷም አመነችኝ፤ ለአባቴ ዋስ ሲጠየቅ ለእኔ አፍንጫ ዋስ የጠየቀ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገብቷት ይሆናል። ዳዊት ግን አቦምሳ ትምህርት ተመዝግቦ ነበር፣ እትዬም ለምዳዋለች፣ ክረምቱ ይውጣ ተባለ፣ በዓሉ ይለፍ ተባለ፣ ዓመቱ ይጠናቀቅ ተባለ። ሁለት ዓመት ሞላ። እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ተቀምጠን፣ ያን ቅዳሜ እንዴት ሳይጠጣ እንደዋለ አባቴን ጠየቅሁት። «ልጠጣ ነበር እኮ» አለኝ። «ለአንቺ ብዬ። ብጠጣ ኖሮ አልተሳሳትሽም ነበር።»

ዳዊት በሰባት ዓመቱ ከእትዬ ዘውዴ ጋር ሲመለስ ቁመት ጨምሮ፣ ጸጉሩን በሥርዓት ተቆርጦ ነበር። በሩ ላይ የቆመውን አባቴን በሁለት እጁ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጨበጠውና «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ» አለው። እናቴ ሳቅ ለማለት እየሞከረች «አባዬ በለው እንጂ» ስትለው ወደ እትዬ ዘውዴ ዞሮ አየ፤ አባዬ የሚለው ሰው አቦምሳ ሱቅ ውስጥ ነበር። አባቴ «ተይው፣ ይለምደዋል» አለ። አልለመደውም። ማንም ክፉ አላስተማረውም፤ አንተ ብሎ ጆሮውን የሚጎትተው ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ አንቱ የሚባል እንግዳ ሆኖበት ነው።

የእኛ ቤት አልፈረሰም ይባላል፣ እውነትም አልፈረሰም። አባቴ ከዚያ ወዲህ አረቄ አልቀመሰም፤ መጠጥ የባሰበት ሰው ሲኖር ሰፈሩ እሱን በአርአያነት ያሳያል። ዳዊት ቢሾፍቱ ሥራ ይዞ ወልዷል፣ በየእሑዱ ሳያሰልስ ይደውላል። ስልኩን ለአባቴ እሰጠዋለሁ። «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ይለዋል። አባቴም ከወንበሩ ቀና ብሎ፣ ወሰድኩ፣ ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ እያለ በትሕትና ይመልሳል። ሲጨርስ ስልኩን እየመለሰልኝ «ሰው አክባሪ ልጅ ነው፣ እግዜር ወላጆቹን ይባርክ» ይለኛል።