ካሜራው ወድቋል

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ የሙያ ጓደኞቹ «አቶ ፍተሻ» ይሉታል። ስሙን በከንቱ አላወጡለትም። መልስ ሲሰጡት እንኳ ብሩን ወደ ብርሃን አንስቶ ካላየ ኪሱ አይከተውም። ይህ ጠባይ ግን አብሮት አልተወለደም። ድሮ ከአንድ አንደበተ ለስላሳ ነጋዴ የገዛው ካሜራ ልክ ቀለበት ሲጠለቅ ድርግም አለበት፤ የሙሽራዋ አባት ክንዱን ይዘው ከአዳራሹ አስወጡት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያምነው ሰውም ዕቃም የለም።

አሁን የሚሠራበት ካሜራ አርጅቷል። መብራት ትንሽ ሲቀንስ ምስሉ አሸዋ የተረጨበት ይመስላል። ያጠራቀማት ገንዘብ ደግሞ ከአንድ ነገር በላይ አትገዛም። ቪዲዮውን እቤት ሆና የምታቀናብረው ሚስቱ፣ ማይክሮፎን ይቅደም ባይ ናት፤ ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ ቃል ኪዳኑ ካልተሰማው ግን አይምርም ትላለች። እሱ ካሜራ ይቅደም ይላል። ተሳስተው ከገዙ የዘንድሮ ሠርግ አመለጣቸው፣ እንጀራቸውም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

በዚህ መሀል ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ካሜራቸውን ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ደረሰው። ደህና ካሜራ ነው፤ ጨለም ባለ አዳራሽ ውስጥ እንኳ አጥርቶ ያያል። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይበር ነበር፤ አቶ ፍተሻ ግን ሆዱ ሻከረ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ጤነኛ ሰው ለምን ይሸጣል?

እቤታቸው ሄዶ የራሱን ሚሞሪ ካርድ ከተተበት። ግድግዳውን ቀረጸ፣ መስኮቱን ቀረጸ፣ በእጁ ይዞ ወዲያ ወዲህ እያለ ቀረጸ። ሌንሱን በባትሪ መረመረ፤ ብሎኖቹ ተፈትተው ያውቁ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አየ። እንከን አጣ። እንከን ማጣቱ ይብሱን አስጠረጠረው። ሽማግሌው ደግሞ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ከኮት ኪሳቸው አላወጡም። ሰውዬው የሆነ ነገር ደብቀዋል አለ በልቡ።

በመጨረሻ ካሜራውን ወደ ሶፋው እንዳዞረ ባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ ላይ አቆመውና በቅርቡ የቀረጹትን ሠርግ እንዲያሳዩት ጠየቀ። ባለቤታቸው ኮምፒውተሩን ከፈቱለት። ምስሉ ይርገፈገፋል፤ ሙሽሮቹ ኮረኮንች መንገድ ላይ ጋሪ የተሳፈሩ ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ካሜራ ወድቋል» አለ። «ውስጡ ያለው የምስል ማረጋጊያ ተነክቷል።»

ሽማግሌው ባለቤታቸውን አዩ፤ ከዚያ ወለሉን አዩ።

«ወድቋል» አሉ።

በራሱ እጅ ሲይዘው አለመርገፍገፉ ትዝ አላለውም። ተጠራጣሪ ሰው የጠረጠረውን ካገኘ በኋላ መፈለጉን ይተዋል። በድል አድራጊነት ከቤት ወጣና ደረጃው ላይ ቆሞ ለሚስቱ ደወለላት፤ ያዝኳቸው፣ ዋጋውን አስቀንሼ በትራፊው ያንቺን ማይክሮፎን እገዛለሁ አላት። እንዳለውም ዋጋውን አስቀነሰ። ሽማግሌው አልተከራከሩም።

ቀራጮች ብቻ የሚሠሩት አንድ ስሕተት አለ። ካሜራ የሚጀምረውም የሚቆመውም በዚያው በአንዱ ቀይ ቁልፍ ነው። ጣት አንዴ ከሳተው ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ቀረጽኩ ሲሉ ቆሟል፣ አቆምኩ ሲሉ ይቀርጻል። አቶ ፍተሻ በዚያ ሁሉ ምርመራ መሀል ሳተው። አቆምኩ ብሎ ትራይፖዱ ላይ የተወው ካሜራ እሱ ደረጃው ላይ ሲያወራ ሶፋውን እየቀረጸ ነበር።

ይህን ያገኘችው ሚስቱ ናት፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካርዱን ስታይ። ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው። ሽማግሌው እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ሁለቱም እጆች ይንቀጠቀጣሉ፣ አያቆሙም። ባለቤታቸው በራሳቸው እጅ ይይዙላቸዋል።

«እጄ ነው ለምን አትለውም?» ይላሉ ባለቤታቸው። «መቼ ወደቀ?»

«ካሜራው ወደቀ ይባል» ይላሉ ሽማግሌው። «ካሜራ ይጠገናል።»

አቶ ፍተሻ በራሱ አፈረ። ያስቀነሰውን ገንዘብ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ወጣ፤ መንገድ ላይ ግን ቆም አለ። ገንዘቡን ቢመልስ ካሜራው አልወደቀም ማለቱ ነው። ካሜራው ካልወደቀ ደግሞ ያ መርገፍገፍ ከየት መጣ ሊል ነው?

ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ። አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ ሌላው ከበሩ ኋላ። በጥርጣሬ ዓይን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ደግሞ ምን አገኘህበት?»

ፖስታው ኪሱ ውስጥ ነበር። አላወጣውም።

«እንደገና ፈተሽኩት ጋሼ» አለ። «እርስዎ እንዳሉት ነው። ወድቋል።»

ሽማግሌው ትከሻቸው ረገብ አለ።

«ነግሬህ የለ እንዴ» አሉና በሩን ከፈቱለት።